አይጥዎ ድናለች

በእኛ አገር ነቀርሳ የያዘው ሰው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ራሱ ነው፣ ሁለተኛዋ አይጡ ናት። ሰውየው ከወንዙ ወዲህ ታች ቤት በሚባለው የሕሙማን ቤት ይተኛል። አይጧ ከወንዙ ወዲያ፣ ኮረብታው ላይ፣ ላይ ቤት በሚባለው የመርማሪዎች ቤት ትቀመጣለች። ሐኪሞች ከሰውየው እጢ ላይ የጥፍር ያህል ቆርጠው ይልካሉ፤ መርማሪዎች ያችን ቁራጭ ከአይጧ ቆዳ ሥር ይተክሏታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አይጧ የሰውየው ምትክ ትባላለች፤ መድኃኒት ሁሉ የሚሞከረው በእሷ ላይ ነው። አንዱ እንቢ ሲል ሌላ ይሞከራል፣ ያም እንቢ ሲል ሌላ። መርማሪዎቻችን ጎበዞች መሆናቸውን ጠላትም አይክድም። በአገራችን የማትድን አይጥ ከስንት አንድ ብትገኝ ነው።

እኔ ዳምጤ እባላለሁ፤ ሥራዬ አብሳሪነት ነው። አይጥ በዳነች ቁጥር በሽተኛው ዘንድ ሄጄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ "የምሥራች፤ አይጥዎ ድናለች" እላለሁ። በሽተኛው "ምሥር ብላ" ይለኛል። በሌላ አገር ይህ የአፍ ልማድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በእኛ አገር ግን ሕግ ነው። የተበሰረ ቤት ለአብሳሪው ምሥር ሠርቶ ያበላል፤ አብሳሪው ሳይበላ በዚያ ቤት ሌላ ሥራ አይሠራም፤ በር እንኳ አይጠረግም። በሽተኛው መነሣት ካቃተው ቤተሰቡ ይሠራል፤ ቤተሰብ ከሌለው ጎረቤት። እኔም ክኩን በቀዩም በአልጫውም፣ ድፍኑንም በአዚፋው ስበላ ኖሬ፣ አሁን ወደ ማንም ቤት ስገባ ቀድሞ የሚገባው ሆዴ ነው።

እንግዳ ሰው ሲመጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አይጧን ያዳነው መድኃኒት ራሱ ለምን አይወርድም ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው። መርማሪ በሽተኛ አያይም፤ ርኅራኄ ሚዛን ያዛባል ይባላል። ሐኪም ደግሞ አይጥ አያይም፤ ተስፋ እጅ ያንቀጠቅጣል ይባላል። ይህ መራራቅ ያሳሰባቸው የቀድሞ ሰዎች በወንዙ ላይ ድልድይ ሠሩ፤ ድልድዩንም የሚጠብቅ ቤት እዚያው በላዩ አቆሙ። ድልድይ ቤት ይባላል፤ የእኔም መሥሪያ ቤት እሱ ነው። መጀመሪያ አንዲት ክፍል ነበረች። ቀጥሎ የላይ ጉዳይ ክፍል ተጨመረ፣ የታች ጉዳይ ክፍል ተጨመረ፣ ሁለቱ ስላልተስማሙ የሚያስማማ ክፍል ተጨመረ፣ ከዚያ አዳራሽና የእንግዳ ማረፊያ። ዛሬ ድልድዩ ከዳር እስከ ዳር ቢሮ ስለሆነ መተላለፊያ የለውም። መሻገር ያለበት ሰው ሱሪውን ጠቅልሎ ከድልድዩ ሥር በውኃው ውስጥ ይሄዳል። እኔ ሁልጊዜ የምሄደው በዚያ ነው። ውኃው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ፣ ከላይ ስለ መሻገር ሲወያዩ ድምፃቸው ይሰማኛል።

በዓመት አንድ ጊዜ የዳኑ በዓል ይከበራል። የዳኑት አይጦች ሐር በለበሰ ሣጥን ሆነው በአደባባዩ ያልፋሉ፤ መቆም የሚችሉ በሽተኞች መንገድ ዳር ቆመው ያጨበጭባሉ። የራሱን አይጥ ለይቶ "አቤት፣ እንዴት አምሮባታል" እያለ የሚያለቅስ አለ። ከበዓሉ በኋላ አይጦቹ ወደ ጡረታ ግቢያቸው፣ በሽተኞቹ ወደ አልጋቸው ይመለሳሉ። እኔ ይህን በዓል እወደው ነበር።

ታላቅ እኅቴ እማዋይሽ ባርኔጣ ሰፊ ናት። በአገራችን እያንዳንዱ ሹመት የራሱ ባርኔጣ ስላለው ሥራ አታጣም። የድልድይ ቤት ባርኔጣ ለምሳሌ ክፈፉ ከፊትም ከኋላም እኩል ይረዝማል፤ ወደ ላይ ቤትም ወደ ታች ቤትም ሳያዳላ እንዲያመለክት ነው። የደፋው ሰው ግን ከጫማው ጫፍ በቀር የሚያየው ነገር የለም። በእማዋይሽ ክር ያልተለካ የሹም ራስ አይገኝም። "የሊቀ ድልድይ አጥናፉ ራስ በየዓመቱ በጣት ይሰፋል፤ ምን እንደሚገባበት ግን እንጃ" ትለኝ ነበር። ሊቀ ድልድይ አጥናፉ የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ስለሆኑ እንዲህ ስትል ሳልስቅ በሩን አይ ነበር።

እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እማዋይሽ ናት። ከእሷ በቀር ሰው የለኝም። ክረምቱ ሲወጣ ከመንጋጋዋ ሥር፣ አንገቷ ላይ፣ ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጣባት። ታች ቤት ወሰድኳት። ሐኪም ገላግሌ የሚባሉ ሽማግሌ ሐኪም ዳበሷት፣ ከእጢው ቆረጡና ወደ ላይ ቤት ላኩ። ፈራሁ። የብዙ ሰው ቤት ገብቼ ስወጣ እንዲህ ያለ ፍርሃት መኖሩን አላውቅም ነበር።

በአይጧ ላይ የመጀመሪያው መድኃኒት አልያዘም፤ ሁለተኛውም አልያዘም። ሦስተኛውን መርማሪ አልጣሽ የምትባል ሠራችውና እጢው የጠዋት ፀሐይ እንደ ወጣበት በረዶ ቀለጠ። ዜናው ድልድይ ቤት እንደ ደረሰ ለሌላ አብሳሪ አልሰጥም ብዬ ተሟግቼ ተቀበልኩት። በውኃው ውስጥ እየሮጥኩ ተሻግሬ፣ እንደ ራስኩ አልጋዋ ዘንድ ቆምኩ።

"የምሥራች እትዬ፤ አይጥሽ ድናለች።"

"ምሥር ብላ" አለችና ነጠላዋን አጥብቃ ተነሣች። እኔ ልሥራ ብላት እንቢ አለች። በታች ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየተደገፈች አልጫ ሠራችልኝ። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ሳህኑን እየተቀበለች፣

"መድኃኒቱስ?" አለችኝ።

"የቱ?"

"አይጧን ያዳናት።"

"እሱማ ላይ ቤት ነው።"

"መቼ ነው የሚመጣልኝ?"

በአብሳሪነት ዘመኔ ይህን የጠየቀኝ በሽተኛ አልነበረም። ሰው ሲያበስሩት ደስ ይለዋል እንጂ አይመራመርም። ባርኔጣዬን ሳገላብጥ ጊዜ፣

"ዳምጤ፣ ምሥር ካበሉህ ሰዎች መሀል አሁን በሕይወት ያለ ማን አለ?" አለችኝ።

"እኔ አብሳሪ ነኝ እትዬ፤ ቆጣሪ አይደለሁም።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለች። "ጨው አነሰው እንዴ?"

ጨው አላነሰውም። ግን ያን ቀን የበላሁት ምሥር ደረቴ ላይ ቆሞ አልወርድ አለኝ። በማግሥቱ ሊቀ ድልድይ አጥናፉ ዘንድ ገባሁና እጅ ነሥቼ ነገሩን አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ፤ ሊቀ ድልድይ ክፉ ሰው አይደሉም።

"አይጧ አሁን በሕይወት አለች?" አሉኝ።

"አዎን ጌታዬ። ደኅና ናት፣ ትበላለች፣ ትሮጣለች።"

"እንግዲያው ሙከራው አላለቀም። በሕይወት ያለ ፍጡር ነገ ምን እንደሚገጥመው ማን ያውቃል? ያልተጠናቀቀ ነገር አናሻግርም።"

"ስትሞትስ ጌታዬ?"

"ከሞተችማ መድኃኒቱ አላዳናትም ማለት ነው። ያላዳነ መድኃኒት ለእኅትህ ትመኛለህ?"

አልመኝም አልኩ። ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው፤ አንዱም ላይ ስሕተት አጣሁ። ሊቅ የሚያሰኘው እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ለእማዋይሽ ስነግራት አንገቷን ይዛ እያመማት ሳቀች። ሳቋ ሲያልፍ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ። "መድኃኒቱ የሚሰጠው ለአይጥ ብቻ ከሆነ እኔን እንደ አይጥ ይቁጠሩኝ" አለች። የቀለደች መስሎኝ ነበር። በነጋታው ታጥባ፣ ለብሳ፣ ሐኪም ገላግሌን ምስክር ይሁኑኝ ብላ አስነሥታ ጠበቀችኝ። የድልድይ ቤት በር በወዲያ በኩል ነውና አዝዬ ወንዙን አሻገርኳት። ጀርባዬ ላይ ስትወጣ እንዴት እንደ ቀለለች ሳውቅ በውኃው መሀል ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ውኃ ውስጥ ስለ ነበርን አልታወቀብኝም።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በአንድ በኩል መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በሽተኛዋን እንዳያዩ ተብሎ፣ ከላይ ቤት የመጡ መርማሪዎች ተቀምጠዋል። እማዋይሽ ቆማ አቤቱታዋን በቃሏ ተናገረች። ሰዎቹ አልሳቁም፤ በድልድይ ቤት ማንኛውም ጉዳይ በቁም ነገር ይታያል።

"ጭራ አላት?" ብለው የታች ጉዳይ ኃላፊ ጠየቁ።

"የለኝም።"

"እሱ ብቻውን አይከለክልም" አሉ የላይ ጉዳይ ኃላፊ። "ጭራቸውን ወጥመድ የቆረጠባቸው አይጦች አሉ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለሙከራ የምትሆን አይጥ በመልክም በደምም አንድ የሆኑ እኅቶች ያስፈልጓታል። እኅቶች አሉሽ?"

"ወንድም ብቻ ነው ያለኝ፤ ይኸው።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ ሆዴ ላይ ትንሽ ቆዩ። ተመሳሳይነት የለም ተባለ። ያም ሆኖ ክርክሩ ወደ እሷ እያጋደለ ሳለ ሊቀ ድልድይ እጃቸውን አነሡ።

"እማዋይሽ፣ አይጥ ለመሆን ፈቃደኛ ነሽ?"

"ነኝ እንጂ፤ ለዚያ አይደል የመጣሁት?"

"አለቀ" አሉ። "አይጥ ፈቃዷን ተጠይቃ አታውቅም። ፈቃደኛ የሆነ ፍጡር አይጥ ሊሆን አይችልም።"

አዳራሹ በአድናቆት አጉረመረመ። ሊቀ ድልድይ ግን፣ እንዳልኩት ክፉ ሰው አይደሉምና፣ እኅቴን ባዶ እጇን ሊሰዷት አልወደዱም። ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። "እሷ አይጧን መሆን ባትችልም አይጧ ግን እሷ ናት፤ ምትኳ ናትና። አይጧ ድናለች። ስለዚህ እማዋይሽ ድናለች። እንኳን ደስ ያለሽ" አሉ። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

"ጌታዬ" አሉ ሐኪም ገላግሌ፣ "እጢው ይኸውና፣ እዚህ ሆኜ ይታየኛል።"

"የዳነ ሰው እጢ ነው ሐኪም። ታች ቤት የዳነ ሰው አያክምም፤ አልጋውን ለሌላ በሽተኛ ስጡ።"

ከዚያ ወደ እኔ አዩ። አብሳሪ በአዳራሹ እያለ እንዲህ ያለ ነገር ሳይበሰር አይታለፍም። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ያን ባርኔጣ የሰፋችልኝ እሷ ናት። "የምሥራች እትዬ፤ ድነሻል" አልኳት። በሕይወቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

"ምሥር ብላ" አለችኝ፤ ድምፅዋ አልተለወጠም። ከዚያ ወደ ሊቀ ድልድይ ዞረች። "ጌታዬ፣ አይጧ እኔ ከሆንኩ መኖሪያዋ የት ነው?"

ይህ አልታሰበም ነበር። ተመካከሩ። "እማዋይሽ የምትኖረው በእማዋይሽ ቤት ነው" ተባለ።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ድምፅ ተሰማ። መርማሪ አልጣሽ ናት። "የዳነች አይጥ ዕድሜ ልኳን መድኃኒቷ አይቋረጥባትም፤ የቆየ ሕግ ነው። አይጧ ወደዚያ ከሄደች መድኃኒቷም ይከተላታል" አለች።

"ይከተላት" አሉ ሊቀ ድልድይ።

"በማን ክብደት ይለካ?"

ሊቀ ድልድይ ብዙ አሰቡ፤ ግን የሰጡት ፍርድ በጣም ያምር ስለ ነበር ሊያበላሹት አልቻሉም። "አንድ ናቸው ብለናል፤ በእማዋይሽ ክብደት ይለካ" አሉ። መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በላይ ምንም አልታየም።

አይጧን በባርኔጣ ሣጥን ውስጥ ራሴ ላይ፣ የመድኃኒቱን ማሰሮ በብብቴ ይዤ አሻገርኳቸው። ከዚያ በኋላ በየማለዳው እማዋይሽ ለአይጧ በጣቷ ጫፍ አንዲት ጠብታ ታቀምሳታለች፤ የቀረውን እሷ ትጠጣዋለች። ከእሬት የመረረ ነገር ነበር። አስታወካት፤ ጠጉሯ ረገፈ። "ደግነቱ ባርኔጣ አይቸግረኝም" አለችና የጉምሩክ ሹም ባርኔጣ ደፍታ ስፌቷን ቀጠለች። ማሰሮው ባለቀ ጊዜ ላይ ቤት ሌላ ሰደደ፤ አይጧ በሕይወት ናትና። ሎሚው ሽምብራ አከለ። ሽምብራው ምሥር አከለ። አንድ ማለዳ ክሯን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ለካችና "ዳምጤ፣ ና እስቲ አንተም ዳብሰኝ" አለችኝ። ዳበስኳት፤ የለም። ሜዳ ላይ እንደ ጠፋ ልጅ አለቀስኩ። ለማን ላብስር? ድናለች ተብላ የተጨበጨበላት ቀደም ብሎ ነው፤ ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አይድንም። ስለዚህ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነ።

ሐኪም ገላግሌ ባርኔጣ ሊያሰፉ የመጡ መስለው ቤታችን መጡ። አንገቷን ዳበሱ፤ እጢውን አጡት። "አልጋሽን የሰጠናት ሴት የውብዳር ትባላለች" አሉ። "እጢው ያንቺው ዓይነት፣ ቦታውም ያው ነው። አይጧም በዚሁ መድኃኒት ድናለች። ምሥሩን ዳምጤ በልቶታል።"

እውነት ነው፤ በልቻለሁ። እናቷ ናት የሠራችልኝ።

"የሚቀጥለው ማሰሮ ሲመጣ ለእሷ ይሁን" አለች እማዋይሽ። "እኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፤ አይጧ እንደሆነች ጠብታ ይበቃታል።"

ሐኪሙ እጇን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ከለከለቻቸው። በዚህ ተስማማን። ማሰሮው ሊመጣ ሲቃረብ ግን አይጧ ሞተች። አርጅታ ነው። ለጉምሩኩ ሹም በተሰፋው አዲስ ባርኔጣ ውስጥ ተጠቅልላ እንደ ተኛች ሳትነቃ ቀረች። እንዲህ ያለ ሞት ለሰውም አይገኝ።

የዳነች አይጥ ሞት አይደበቅም። ድልድይ ቤት በሙሉ ለለቅሶ መጣ። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ሹማምንቱ በየተራ እየገቡ ነፍስ ይማር አሉ። የላይ ጉዳይ ኃላፊ በባርኔጣቸው ክፈፍ ሥር የእማዋይሽን ጫማ እያዩ፣

"ለሟች ምኗ ነሽ?" አሏት።

"ራሷ ነኝ።"

"እንግዲህ በጣም የቅርብ ሰው ነሽ። እግዜር ያጽናሽ።"

"አሜን፤ ያጽናኝ" አለችና ንፍሮ አቀረበችላቸው።

ሊቀ ድልድይ አጥናፉ ተነሥተው ንግግር አደረጉ። ሟች ትጉህና ትሑት እንደ ነበረች አወሱ። ሲያበቁ፣ "ሐዘናችን ትምህርት ይሁነን። ሙከራው ዛሬ ተጠናቀቀ፤ ሞታለችና መድኃኒቱ አላዳነም። ነገ ጠዋት በላይ ቤት ያለው የመድኃኒቱ ጋን በሙሉ ይደፋ" አሉ።

"ጌታዬ፣ ያረጀች አይጥ እኮ ናት የሞተችው" አለች እማዋይሽ። "እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።"

"በሐዘንሽ ቀን ክርክር አልገጥምሽም" አሉ በርኅራኄ።

ሐኪም ገላግሌ ከድንኳኑ ወጥተው ሄዱ። የውብዳር ያለችበትን አውቃለሁ፤ ከሦስት ቀን ወዲህ እህል መዋጥ አቅቷታል።

በለቅሶው መጨረሻ መርማሪ አልጣሽ መጣች። መርማሪ ለራሱ አይጥ ለቅሶ መውረድ ይፈቀድለታል፤ ግን በሽተኛ እንዳያይ ፊቱን በዓይነ ርግብ ይሸፍናል። ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ነበር። እየዳበሰች ገብታ እማዋይሽ አጠገብ ተቀመጠች። እማዋይሽ እጇን ይዛ አንገቷ ላይ አኖረችው።

"እዚህ ነበር" አለቻት።

"ምኑ?"

"ያንቺ መድኃኒት ያቀለጠው።"

የአልጣሽ እጅ ቆመ። ቀስ ብላ ዳበሰች፣ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ከዚያም በሌላው በኩል። መርፌ የጠፋባት ሴት ምንጣፍ እንደምትዳብስ ነበር የምትዳብሰው። ዓይነ ርግቧን አነሣች፤ ዕድሜዋ እኔ ካሰብኩት ያንሳል።

"የለም" አለች።

"የለም።"

"እስካሁን ማንም አልነገረኝም" አለች አልጣሽ። "እኔ ድምፅሽን ብቻ ነው የማውቀው። በሕይወት ትኑሪ አትኑሪ እንኳ የሚነግረኝ አልነበረም። ነገ ጋኑን ሲደፉ ምን ብዬ ላቁማቸው? በሽተኛ ዳብሻለሁ ብል ከቤቱ ያስወጡኛል እንጂ አይሰሙኝም።"

እማዋይሽ ወደ እኔ ዞረች። "አንተ" አለችኝ፣ "ሥራህ ምን ነበር?"

ለላይ ቤት ማብሰር በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ ያሰበው ሰው የለም እንጂ። ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ወጣሁ። ውኃው ቀዝቅዞ ነበር። ኮረብታውን ስወጣ ሆዴ ከበደኝ፤ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ አልደርስም ብዬ በጣም ፈራሁ። ስገባ መርማሪዎቹ ጋኑን ከብበው ግማሾቹ አንገቱን፣ ግማሾቹ ቂጡን ይዘው ሊያዘነብሉት ነበር። ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

"የምሥራች" አልኩ። "ሰው ድናለች።"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዚያ ቤት የምሥራች ተብሎ ስለማያውቅ ምን ተብሎ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። ከኋላ የአልጣሽ ድምፅ መጣ፣ "ምሥር ብላ" የሚል።

የመርማሪዎቹ አለቃ እጃቸውን ከጋኑ ላይ አነሡ። ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። "እንግዲያው አብሳሪው ሳይበላ ሌላ ሥራ አይሠራም" አሉ፤ ጋኑንም ቀና አድርገው አቆሙት። እኔም ጀርባዬን ለጋኑ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ቤቱ ሲፈተሽ ከአይጥ መኖ በቀር እህል የለም። ምሥር የሚገኘው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ ቅርቡም የታች ቤት ወጥ ቤት ነው። አንድ መርማሪ ተላከ። ድልድዩ ጋ ደርሶ መተላለፊያ ሲያጣ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ወደ ውኃው ሲገባ በመስኮት አየነው።

ቆየ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እሱን እንዲያመጣ ሌላ ተላከ፤ እሱም ቀረ። ራበኝ። አብሳሪ ከሆንኩ ወዲህ ተርቤ አላውቅም፤ ረኀብ እንዲህ መሆኑን ረስቼው ነበር። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው መርማሪ ተመልሶ ገባ። ከወገቡ በታች ርሷል፤ በእጁ ምንም የለም።

"ምሥሩስ?" አሉት አለቃው።

"ወጥ ቤቱን ስፈልግ የተሳሳተ በር ከፍቼ ገባሁ" አለ። "አንዲት ሴት ተኝታለች። የውብዳር ነው ስሟ። እዚህ ጋ..." ብሎ የራሱን አንገት ያዘ። "ውኃ ስጠኝ አለችኝ። ራሷን ቀና አድርጌ ሰጠኋት፤ አልወርድ አላት።"

ይህን ብሎ ከግድግዳው ላይ ባዶ ማሰሮ አወረደና ወደ ጋኑ መጣ። ጋኑ አጠገብ እኔ ነኝ ያለሁት። ቆሞ አየኝ።

"በስንት ክብደት ይለካ?" አለች አልጣሽ፤ መጭለፊያውን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

"ለአንዲት ሴት" አለ። "ቀጭን ናት።"

አብሳሪ ሳይበላ ሌላ ሥራ እንደማይሠራ በአገሩ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ከጋኑ ፈቀቅ አልኩና እንዳላይ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከኋላዬ መድኃኒቱ ሲቀዳ፣ ከፊቴ ሆዴ ሲጮኽ ይሰማኝ ነበር።